ሦስተኛው ስም

ባለፈው እሑድ ልጄ ዘገየ በመኪናው እንጦጦ ፓርክ ይዞን ወጣ፤ እኔን፣ ሚስቱን ሜሮንንና ገና ስም ያልወጣላትን የልጅ ልጄን። ሕፃኗ ከተወለደች ሳምንታት አልፈዋል። ሲ.ኤም.ሲ ያለው ቤታቸው አራስ ጠያቂ ሲመላለስበት ነው የከረመው፤ የገንፎውን ማንኪያ ያነሣ ሁሉ «ስሟን ማን አላችኋት?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ባልና ሚስቱ ይተያያሉ። ከዚያ ሜሮን «ለጊዜው ቤቢ ነው የምንላት» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው «ለጊዜው» የሚሉት ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ለጊዜው ቤቢ ተብለው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥተው፣ ዛሬም ቤቢ የሚባሉ ሰው አሉ። ክርስትናዋም እየተቃረበ ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ያወጡታል፤ የዓለም ስሟን የምናወጣው ግን እኛው ነን፣ እኛ ደግሞ ተይዘናል።

ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበር። ልጄ የሕፃኗን ጋሪ ከመኪናው ኋላ አውርዶ እስኪዘረጋ በሩ አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ መጣብኝ። ይህ ሽታ ሌላውን ሰው ጉንፋንና እንፋሎት ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ አማቴን፣ የባሌን እናት ነው። አማቴ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል፣ ጋራውን በእግራቸው ወጥተው ወርደው ነበር የሚጠይቁን። ዛሬ ወጣቶች ብስክሌት የሚነዱበት፣ ማኪያቶ በወረቀት ብርጭቆ ይዘው ፎቶ የሚነሡበት ጫካ ለእሳቸው መንገድ ነበር። ሲደክማቸው ዛፍ ሥር አረፍ ብለው ስለሚመጡ ጋቢያቸው ያንን ሽታ ይዞ ይገባል። እኔም ሽታው ገና ከበር ሲሸተኝ ቀሚሴን ወደ ታች እጎትት ነበር፤ ጊዜው የአጭር ቀሚስ ጊዜ ነበርና።

ቤታችን የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ነበር። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኝታ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ደረሰ ነው። ይህን ስጽፍ እጄን አይከብደውም፤ መጻፍ መጥራት አይደለም። ጡረታ እስክወጣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ «የጻፋችሁልን ደብዳቤ ደርሶናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደመታሁት ፈጣሪ ይወቀው። በአፌ ግን ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ቃሉን ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አማቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝና በእሳቸው አገር ሙሽራ የባሏን ስም እንደማትጠራ ነገሩኝ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስለውን ቃል ሁሉ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አፍሮዬን ከፍክፌ፣ የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ደመወዝተኛ የሆንኩ ሴት። ለክብራቸው እሺ ልበልና ሲሄዱ እተወዋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ሄዱ፣ ልማዱ ግን አብሮኝ ቀረ። የባል ስም አበበ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ሰው አበባን ጽጌ እያለ መኖር ይችላል። የእኔ ባል ስም ግን በየወሬው ጫፍ ቆሞ የሚጠብቅ ቃል ነው። ወጡ በሰለ እላለሁ። ሰዓቱ ሆነ፣ እንግዶቹ መጡ፣ ልጁ አደገ። አውቶቡስ ላይ «እስከ መገናኛ» ብዬ አፌን እዘጋለሁ። አሁን እንኳ ሜሮን ደውላ «እማዬ፣ ቤት ደረሱ?» ስትለኝ መልሴ «ገባሁ» ነበር። መጀመሪያ የየካ ሰው አነጋገር መስሏት ነበር፤ ኋላ ነገሩን ስነግራት ሳቀች።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበር። ልብስ ያሰፋ ሰው የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ደረሰ?» ባሌ ራሱን ከስፌቱ ቀና ሳያደርግ «ደረሰ እኔ ነኝ፤ ልብሱ ገና ነው» ይላል። አዲስ ደንበኛ ይስቃል። የቆየ ደንበኛ የሚስቀው ዓውደ ዓመት ካልተቃረበ ብቻ ነው። ያኔ የወንዱ ሱሪ ከጉልበት በታች ተዘርግቶ ጫማውን የሚሸፍንበት ጊዜ ነበር። ደንበኞቹ ቴትሮን የሚባለውን ጨርቅ ከመርካቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ለዚያ ሁሉ ስፋት ጨርቁ አይበቃም፣ ባሌ ከኪስ ይቀንሳል፣ ከወገብ ይሰርቃል፣ እንደምንም ያብቃቃዋል። ፊት ለፊታችን ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን በር ላይ ስለሚያስቀምጥ ባሌ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዘፈኑ ምት ነበር። ቀዝቃዛ ዘፈን ሲመጣ ስፌቱም ይቀዘቅዛል፤ ትዝታ የተዘፈነ ቀን የማንም ሱሪ አያልቅም። እኔ በአሥራ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ ከሥራ ተመልሼ ገና ከመንገዱ ጫፍ ሆኜ፣ በሬዲዮኑ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ ከመኪናው ድምፅ አውቅ ነበር። ቆይቶ ዘመኑ ተቀየረና ሰው ሁሉ ካኪ ማሰፋት ጀመረ። ዘፈኑም የሰልፍ ዘፈን ሆነ፣ በሰልፉ ምት ስፌቱ ፈጠነ። ባሌ ግን በዚያ ፍጥነት ደስተኛ አልነበረም፤ ካኪ ኪሱ ብዙ፣ ጨዋታው ትንሽ ነው ይል ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጅ አልነበረንም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሜሮን ማስረዳት አቅቶኛል። ባሏን በስሙ የማትጠራ ሴት መውጫ አላት፤ የበኩር ልጇን ስም ይዛ «የእገሌ አባት» ትለዋለች። እኔ እገሌ አልነበረኝም። ስለዚህ ባሌን የምጠራበት ምንም ነገር አልነበረኝም። ምሳ ሲቀርብ ሱቁ በር ላይ ቆሜ እስል ነበር። ጎረቤት «ሚስትህን ዛሬም ጉንፋኗ አለቀቃትም?» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ያ ሳል ያቃጥለኛል። አማቴ በአፋቸው ምንም አይሉም። ብቻ በመጡ ቁጥር ሆዴን አየት አድርገው ዓይናቸውን ወደ ጣራው ያነሣሉ። እንጦጦ ጠበል ስመላለስ ያለቀስኩበትን መንገድ ነው እንግዲህ እሑድ ዕለት ልጄ ሙዚቃ ከፍቶ በመኪና ያወጣኝ።

ዘገየ የተወለደው በክረምት ነው። እኔ ሆስፒታል ነኝ፤ ባሌ ሱቁ ውስጥ የአንድ ሙሽራ ሱፍ ላይ ተጎንብሷል። ያኔ አባት ማዋለጃ በር ላይ ቢቆም የሚያስገባው የለም፤ ሥራውን እየሠራ ወሬ ይጠብቃል። ከዚህ ወዲያ ያለውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እስኪያርፍ ድረስ ሲያወራው ኖሯል። ሙሽራው ይገባና እንደ ወጉ «ደረሰ?» ይላል። በዚያው ቅጽበት ጎረቤታችን ከሆስፒታል እያለከለከች መጥታ ከሙሽራው ትከሻ በላይ «ወንድ ነው» ትለዋለች። ባሌ ጠመኔውን እንደያዘ ብድግ ብሎ «ዘገየ፤ ግን ደረሰ» አለ። ሙሽራው ስለ ሱፉ መስሎት የለበሰውን ኮት አውልቆ ለልክ ተገተረ። ሱፉ ገና እጅጌ እንኳ አልነበረውም።

አማቴ ስሙን ሲሰሙ ተቆጡ። እሳቸው ተካልኝ ይባል ብለው ነበር። እኔም ለምኜ ያገኘሁት ነውና በልቤ ሳሙኤልን ይዤ ነበር።

«ልጅ የሰጠህን አምላክ ዘገየህ ትለዋለህ?» አሉት።

«ከእኔ ስም ጋር አብረሽ ጥሪው እማዬ፤ ምስጋና ነው» አላቸው።

አማቴ ስሙን ከልጃቸው ስም ጋር ቀስ ብለው ሞከሩት። ደግመው ሞከሩት። ከዚያ ሕፃኑን ከእጄ ተቀበሉና እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። እኔ አብሬያቸው አልጠራሁም፤ ግማሹ ለእኔ ተከልክሏል። ከአራስ ቤት በወጣሁ ቀን ግን ምሳ ቀርቦ ሱቁ በር ላይ ቆምኩና «የዘገየ አባት!» አልኩ። እሱ መርፌውን ጥሎ ቀና አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጉንፋኗ ለቀቃት አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ቤት ስም የወጣለት ልጄ ብቻ አልነበረም።

ባሌ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘገየ ገና ነፍስ ሳያውቅ ነው የሄደው። ለቅሶው ቀን ሴቶቹ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሲያለቅሱ እኔ «የዘገየ አባት፣ የዘገየ አባት» ስል ዋልኩ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ልጠራው ፈልጌ ነበር። ቃሉ አልወጣም። ከዚያ በኋላ የተከለከለ ነገር መሆኑ ቀርቶ የማልችለው ነገር ሆነ። ሱቋም ዛሬ የለችም፤ መንገዱ ሲሰፋ ሄደች።

ልጄ እንግዲህ በዚህ ስም አደገ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ መምህሩ «ዘገየ» ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ደረሰ!» ብለው ይጮሃሉ። እሱ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ የፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። በዚህ የተነሣ ከሰዓቱ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ሆነ፤ ሠርግ እንኳ ወንበር ሳይደረደር ይገባል። አሁን የሚሠራው ባንክ ነው፤ ባልደረቦቹ ዜድ ይሉታል፣ እሱም ዜድን ይመርጣል። ሚስቱ ለሕፃኗ ስም ስትፈልግ ነው የቆየው ነገር ያመረቀዘው። ሜሮን ገና ሕፃኗ በሆዷ ሳለች ጀምራ ሐሴት የሚለውን ወዳለች። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ትርጉሙም ደስታ ነው። ልጄ ግን ስሙን ከራሱ ጋር ገጠመውና «ሐሴት ዘገየ? ዕድሜዋን ሙሉ አዝና ትኑር?» አለ። ሰላም ቢሉት ሰላም ዘገየ የዜና ርዕስ ነው አለ። ፍቅር ዘገየ የዘፈን፣ ምሕረት ዘገየ የእስረኛ አቤቱታ። ሜሮን ከስልኳ የምታመጣው ሁሉ በእሱ ስም ላይ ሲያርፍ ይበላሻል። እኔ ነገሩ ገና የዚያን ዕለት ገብቶኛል። የሚያቃናው ስም ቀጥሎ ቆሟል፤ የአባቱ ስም፣ የሕፃኗ አያት ስም። ሰው ግን ሁለት ስም ጠርቶ ነው የሚያቆመው፣ ሦስተኛውን ያስታወሰ የለም። ማስታወስ የምችለው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልጠራውም።

ፓርኩ ውስጥ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሜሮን ሕፃኗን ታጠባለች። ልጄ ቁልቁል ወደ የካ እያየ «እማዬ፣ ስሜን ላስቀይር ነው» አለኝ። ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስቀየር እንደሚችል ነግረውታል። ዘካርያስ ሊባል ነው።

«ምን ጎደለህ በስምህ?» አልኩት።

«ለእኔማ ለምጄዋለሁ። ለእሷ ብዬ ነው። እኔ የሳቁብኝን ሳቅ ለእሷ አላወርሳትም።»

ደነገጥኩ። ስሙ ሲለወጥ ያ ጠመኔ፣ ያ ሙሽራ፣ ያ ሱቅ ሁሉ አብሮ የሚነሣ መሰለኝ፤ ከባሌ የቀረኝ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ነግሬው የማላውቀውን ልነግረው ጀመርኩ። ያልነገርኩት ደብቄ አይደለም፣ ወሬው የሚያልቀው በዚያ ቃል ስለሆነ ነው። ሙሽራውን፣ ጎረቤታችንን፣ እጅጌ ያልገባለትን ሱፍ ነገርኩት። ልጄ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር። «አባትህ ብድግ ብሎ 'ዘገየ፤ ግን' አለ» አልኩና ቃሉ ጋ ስሆን አፌ ተያዘ።

«ግን ምን?» አለ ልጄ።

«ግን መጣ» አልኩ።

ወሬው እዚያው ሞተ። ልጄ በትሕትና «እሺ እማዬ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሰው ቀልድ አበላሽቶ ሲያወራ እንደሚያፍረው አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። በመልሱ መንገድ በሽሮ ሜዳ ስንወርድ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ አልተከፈተም።

ማክሰኞ ለልደት ምዝገባ ወረዳ ሄድን። ልጄ በመጨረሻ ኤልዳና ትባል ብሏል፤ ትርጉሙን ማንም ስለማያውቀው ማንም አይገጥመውም ነው ምክንያቱ። የእሱ ስም በፍርድ ቤት ሲለወጥ የእሷም መዝገብ ያኔ ይስተካከላል። ሜሮንም እሺ ብላለች፤ እምቢ ማለት የሰለቸው ሰው እንደሚለው ያለ እሺ። እኔን ከዚያ ቤቴ ሊያወርዱኝ ስለሆነ አብሬያቸው አለሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ሜሮን መኪናው ውስጥ ላጥባት ብላ ይዛት ወጣች። ተራችን ሲሆን እኔና ልጄ ብቻ መስኮቱ ፊት ቆምን። ውስጥ ሹሩባ የተሠራች ወጣት ሴት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።

«የሕፃኗ ሙሉ ስም?» አለች፣ ከኮምፒውተሯ ሳትነቀል።

ልጄ ለመናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ጉሮሮ መጥረግ የእኔን ሳል አስታወሰኝ። ሱቁ በር ላይ ስም አጥቼ የቆምኩበትን። ይቺ ሕፃን ደግሞ አያቷ ተዘሎ፣ የአባቷ ስም ሊፋቅ ተቀጥሮ፣ ማንም በማያውቀው ስም ልትመዘገብ ነው። አማቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ሐሴት ዘገየ ደረሰ» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ቀና ብላ ከኋላችን ያለውን ወረፋ አየች።

«ማን ነው የደረሰው እማማ? ተራ እኮ በቁጥር ነው የሚጠራው።»

«ተራ አይደለም ልጄ። ደረሰ የአያቷ ስም ነው። ባሌ ነው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ሦስቱን ስሞች በተራ ሲላቸው አየሁት፤ አያቱ ያኔ እንደሞከሩት ነው የሞከረው።

«እማዬ፣ አባዬ 'ግን ደረሰ' ነው ያለው?» አለኝ።

«አዎ።»

ሳቀ። የሙሽራው ቀልድ አሁን ነው የገባው። ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ከኋላችን ያሉት ሰዎች ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

«እናቴ እንዳለችው ጻፊው» አላት።

«የአባት ስም ማን አሉኝ?»

«ዘገየ» አለ ልጄ። ዜድ አላለም፣ ድምፁንም አልቀነሰም።

ልጅቷ ጻፈችና እናትየዋ መጥታ ትፈርም አለች። ልጄ መታወቂያውን እያወጣ ሳለ ስልኩ ጠራ፤ እጁ ስላልበቃው ለእኔ ሰጠኝ። ሜሮን ናት።

«እማዬ፣ ተራችን ደረሰ?»

«ደረሰ» አልኳት።